ውኃ ስለሚጠጣው የባሕር አበባ

ለተከበሩ ጓድ ገብረጻድቅ፣
በሐዋሳ የበዓል አደባባይ ማስዋቢያ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የረዘመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ስብሰባዎ የሰመረ ይሁን እያልኩ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ይህ ደብዳቤ ከነሽታው እንደሚደርስዎ አምናለሁ። ጆሮዬ እስኪደፈን ድረስ በቀይ ባሕር ጠላቂ ዋናተኛ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ጎረቤትዎ ነኝ።

አንደኛ፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ማድመቂያ ከምጽዋ ደሴቶች ሥር መርጃን የሚሉትን የባሕር ኮራል አስነቅለው፣ በመርከብና በካሚዮን አስጭነው፣ «የባሕር አበባ» ብለው ስለተከሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ ስጠልቅበት በነበረው ዘመን ሐምራዊና ብርቱካንማ ሆኖ፣ ዓሣው እንደ ገበያ ቀን ሰው ይተራመስበት ነበር፤ ይህን ሁሉ ያለ ኮሚቴ ማድረጉ እርግጥ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፤ የአደባባዩ አትክልተኛ ወይዘሮ አበበች ጠዋት ጠዋት ውኃ እንዲያጠጡት ማዘዝዎ የአባት ነው። ምስኪኗ አፈሩ አልተስማማው ይሆናል ብለው ፍግ ጨመሩለት። ሲሸት ደግሞ እርስዎ ኖራ አስቀቡት።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ልጄ እህተማርያም ስለዚያ ባሕር ስነግራት ነው ያደገችው። አደባባዩ ወስጃት ያን ኖራ የተቀባ ጓል ብዙ ካየችው በኋላ፣ «አባዬ፣ ያ ሁሉ ያወራኸኝ ይኼ ነው?» አለችኝ። አዎ አልል ነገር ውሸት ነው፤ አይደለም ብዬም የማሳያት የለኝም።

ለመጪው ዓመት ሌላ ካሚዮን ሙሉ ማዘዝዎንም ሰምተናል። የድሮ ባልደረባዬ ደበሌ አሁንም እዚያው ይጠልቃል፤ በቀደም ለዓመት ፈቃድ መጥቶ ነገረኝ። ትእዛዝዎን ሊፈጽም ወርዶ፣ ያገኘው ደለል የለበሰ ግራጫ ድንጋይ ብቻ ነው፤ አንዲት ዓሣ እንኳ አላየም፤ ባዶ እጁን ወጣ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ በድማሚት የሚያጠምደውም፣ የወደብ ጭቃ የሚደፋበትም አግዞዎታል። ደበሌ ሲያወራ አለቀሰ፤ እኔም አላባበልኩትም።

የቀረ ነገር ስለሌለ፣ እንዲያቆሙ የምለምንዎት ነገር የለኝም።

ከጨዋማ አብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣ ከእግርዎ ሥር ብዙ ክንድ ጠልቆ የሚያከብርዎ፣
ወልደአማኑኤል ደረሰ

ማስታወሻ፦ አበባ አይደለም፤ ነፍስ ያለው እንስሳ ነበር፤ የሸተተውም ለዚህ ነው። ለወይዘሮ አበበች ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገር ግን ትእዛዝዎ ስላልተሻረ ዛሬም ጠዋት ሬሳውን ውኃ ሲያጠጡት አየኋቸው።