በሥዕል የተላጨ ጢም

ገዛኸኝ ወንድሜ፣ ከጣሊያኗ ፌራራ ከባድ ዜና አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ኔቪዮ ቤት ስለ ካውቦዮች ወንጀል የሚተርከው የወሩ የሥዕል መጽሔት በወረፋ ይነበባል። አዛውንቱ ኦሬስቴ ገና ግማሹ ላይ ሳሉ «ገዳዩ ሬሳ ቀባሪው ነው፤ ካልሆነ ይህን የአርባ ዓመት ጢሜን ላጨው!» ብለው ለኔቪዮ ማሉለት። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ዳኛው ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለ ኔቪዮ ምላጩን እየሳለ።

የእኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። ኦሬስቴ ግን ተቀመጡ። ጢማቸው እኩሌታው ሲላጭ «ቆይ!» ብለው መጽሔቱን ወደ ኋላ ገለጡ። ሟቹ የተገኘው ወንዝ ዳር ነው፤ «ከከተማ አልወጣሁም» የሚለው ዳኛ ጫማ ላይ ግን ከገጽ ስድስት ጀምሮ ጭቃ ተስሏል!

ገጹን ሳሙት። «ሠዓሊው አልዋሸኝም፤ የከዳኝ ዓይኔ ነው። በል፣ ቀሪውንም ላጨው!»

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እትዬ ዘርፌንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ የአንተንም ጢም እግዜር ይጠብቅልህ።

መርዕድ