ስም በላው ማንበብ አይችልም

ለተከበሩ አቶ ሀብተማርያም
የታች ኮልፌ የቦዮችና የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ደረቅ ቦታ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ካልሲዎ ደረቅ፣ ፋኖስዎ ሙሉ፣ ስምዎም እስካሁን ከእርስዎ ጋር እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ ከመሬት በታች ያለነው፣ ከላይ የኮልፌ ታክሲ ባለፈ ቁጥር ጣሪያው አፈር እያራገፈብን፣ ከታች የቦዩ ውሃ ደጃችንን እየላሰ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ ሲሃም ጀይሉ እባላለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስህተት ካገኙ የእኔ ነው፤ እርስዎ ባወጡት መመሪያ ውስጥ ያለው ስህተት ግን ዲግሪ ያለው ነው። እናቴ ፋሪዳ ከታች አየር ጤና እስከ ቆሼ ስር ጀልባ ትቀዝፋለች፣ እኔ ፌርማታው ላይ ሰው እየጠራሁ እጭንላታለሁ። ታች አየር ጤና አየርም ጤናም የላትም፤ በዚህ እንኳን አልከስዎትም፣ ስሙን ያወጡት ላይ ያሉት ናቸው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና በየፌርማታው ስለሚለጠፍ፣ ለእንግዳ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። በእናቴ መስመር መሃል ፋኖስ የማይበራበት ጥቁሩ መታጠፊያ አለ። ከውሃው ስር ስም በላው ይኖራል። ሥጋ አይነካም፣ ተሳፋሪም አይጥመውም፤ የሚፈልገው መቅዘፊያ የያዘውን ሰው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ቀዛፊ እዚያ ሲደርስ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ በቦዩ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ልጅ እያጠባም ቢሆን፣ ሽንኩርት እየከተፈም ቢሆን፣ ከቀዛፊው ጋር ተኳርፎም ቢሆን ስሙን መልሶ ይጠራለታል። እናቴ «ፋሪዳ ነኝ!» ስትል ሰፈሩ «ሰማንሽ ፋሪዳ!» ይላታል፣ በቃ ስሟን ይዛ ታልፋለች። መልስ ያላገኘ ቀዛፊም አይሞትም፤ በሕይወት ይወጣል፣ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት በመታጠፊያው አካባቢ መጮህንም፣ መልስ መስጠትንም «የድምፅ ብክለት» ብለው ስለከለከሉልን፣ በምትኩም ለእያንዳንዱ ቀዛፊ ስምና ፎቶ ያለበት፣ ማህተም የተመታበት፣ በላስቲክ የታሸገ ካርድ ሰጥተው ጀልባው ፊት ላይ እንዲሰቀል ስላዘዙልን ከልብ እናመሰግናለን። ካርዱ ያምራል፤ ፎቶው ላይ እናቴ እንኳን ቆንጆ ወጥታለች። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አምልጣዎታለች። ስም በላው ማንበብ አይችልም። እኔ ፋራዋ ስምንተኛ ደርሻለሁ፣ እሱ ኬጂም አልገባ። ቢገባስ ክቡር፣ ጨለማ እኮ ነው!

ሁለተኛ፦ ስለ ጎረቤታችን ስለ አቶ ነገሬ አመሰግናለሁ። አቶ ነገሬ ካርዱን ለመውሰድ መጀመሪያ የተሰለፈ፣ እርስዎ «ዋና» ቢሉት ልብሱን የሚያወልቅ ሕግ አክባሪ ቀዛፊ ነበር። ካርዱን ሰቀለ፣ አፉን ዘጋ፣ መታጠፊያው ውስጥ ገባ። እኛ በየበራችን ቆመን እያየነው ነበር። ባይጠራንም ልንጠራው እንችል ነበር፤ ግን የእርስዎ ደንብ አስከባሪዎች ደብተር ይዘው ስለቆሙ ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አስተማሪ ዝም በይ ሲለኝ እምቢ ብዬ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ልጅ፣ ዝም ማለት የማይገባኝ ቀን ላይ ቻልኩበት። ይህችን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን ይቀበሉ።

በወዲያኛው በኩል ካርዱ ጭረት ሳይነካው ወጣ። ካርዱ ላይ ነገሬ የሚል አለ፣ ጀልባው ላይ ግን ነገሬ የሚባል ሰው አልነበረም። ባለቤቱ እትዬ ማኑሄ ስትጠራው ዞር አይልም፤ ቀርባ ስትነካው «ይቅርታ እመቤት፣ መንገድ ዘጋሁብሽ?» ይላታል። አሁን የሚውለው እኔ ፌርማታ ላይ ነው፤ ማንም የማንንም ስም ቢጠራ «አቤት» ይላል። ባለፈው ማክሰኞ «ቆሼ፣ ቆሼ፣ የቀረው አንድ ሰው!» ብዬ ስጮህ «አቤት» ብሎ ተነሳ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሄጄ ግድግዳ በእርግጫ መታሁ፤ አውራ ጣቴ እስካሁን አብጧል፣ እሱን በእርስዎ አላሳብብም።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛውን እናቴ አንብባ አስወጣችው፤ ስድብ አለበት ብላ። ትክክል ናት፣ ነበረበት።

አራተኛ፦ መመሪያው የወጣው መታጠፊያው አፋፍ ላይ አዲስ ቤርጎ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት መሆኑ እንዲያው መገጣጠም ነው ብለን እናምናለን። እንግዶቹ ከጩኸታችን የተነሳ እንቅልፍ አጡ ሲባል ሰምተን አዝነናል። የቤርጎውን ባለቤት ስም ማንሳት ነውር ስለሆነ እተወዋለሁ፤ በሩ ላይ «ሀብተማርያም ቤርጎ» ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈ ስም በላው ሲቀር ሁሉም ሰው ማንበብ ይችላል።

አምስተኛ፦ ይህች የራሴ ናት። ከአቶ ነገሬ በኋላ መታጠፊያው ሳትደርስ ስትመለስ የሰነበተችው እናቴ፣ በዚያው ማክሰኞ ቆሼ ለመድረስ ስትገባ የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ሆኖባት ስሟን ጠራች፣ ሰፈሩም ልማድ ሆኖበት መለሰላት። ደንብ አስከባሪዎችዎ መቅዘፊያዋን ወሰዱ። ቅዳሜ ይመለስላታል፤ ሁለተኛ ከጮኸች ግን ጀልባው ራሱ ይወረሳል ተብላለች። ከጀልባው ሌላ የምንበላበት ነገር የለንም። ስለዚህ ወስናለች፤ ካርዱን ሰቅላ አፏን ዘግታ ልታልፍ ነው።

ከወሰነች ጀምሮ ሙድዋ ተቀይሯል። ያለ ምንም ምክንያት ትጠራኛለች። «ሲሃም! አንቺ ሲሃም ጀይሉ! አንቺ ደረቅ!» ትላለች፤ ስመጣ የምትለኝ የለም፣ ፊቴን ታያለች፣ ሂጂ ትለኛለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ምን አድርጊ ነው የምትይኝ!» ብዬ የምጮህባት ልጅ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልሰማሁ መስዬ እቆማለሁ። ሁለቴ እንድትጠራኝ። ከቅዳሜ በኋላ አግኝታኝ «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?» ብትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ይንገሩኝ።

እንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜ እናቴ መቅዘፊያዋን ሳትይዝ በፊት ያቺን መመሪያ ይሰርዙልን። ካልሰረዙ እኔ መታጠፊያው ላይ ቆሜ የእናቴን ስም እጠራለሁ፣ እሷ ብትጠራም ባትጠራም። የምትወርሱብኝ ጀልባ የለኝም፣ ከትምህርት ቤት እንዳታባርሩኝም ቀድሜያችኋለሁ። ያለኝ ጉሮሮ ብቻ ነው፣ እሱም በፌርማታ ሥራ የሰለጠነ ነው።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ጣሪያዎ እንዳያንጠባጥብ፣ ቤርጎዎም በእንግዳ እንዲሞላ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ባበጠ አውራ ጣቴ ጎንበስ ብዬ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከትንሽዬ ንዴት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሲሃም ጀይሉ
የፋሪዳ ልጅ (እሷ እስካወቀችኝ ድረስ)
ታች አየር ጤና ፌርማታ

ማስታወሻ፦ የካርዱን ሥራ ለማስመረቅ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለፎቶ ብለው ራስዎ እየቀዘፉ መታጠፊያውን እንደሚያልፉ ማስታወቂያው ላይ አነበብኩ። ደስ ብሎን የቦዩ ዳር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ተማከረ፤ መመሪያዎን አክብረን እርስዎ ሲያልፉ ትንፍሽ ላንል ተስማምተናል። እናቴ ብቻ እምቢ አለች። ሰው ስሙን ጠርቶ ዝም አይባልም፣ እሱም ቢሆን፣ አለች። ስለዚህ ክቡር፣ እዚያ ሲደርሱ ካርዱን ይተዉትና ስምዎን ጮክ ብለው ይጥሩ። ከጨለማው ውስጥ «ሰማንዎት አቶ ሀብተማርያም!» የሚል የአንዲት ሴት ድምፅ ከሰሙ፣ ጥፋተኛዋ እናቴ ናት። ጀልባችን ፌርማታው ላይ ታስሯል፣ መጥተው ይውረሱት፤ ማን መሆንዎን ስለሚያስታውሱ ወረቀቱ ላይ መፈረም አያቅትዎትም።