የአራት ተማሪዎችን ዝውውር ስለማሳወቅ

ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንዴት ከረሙ ጌታው? ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ወንበርዎ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን፤ ወንበርዎን ዝናምም አቤቱታም ነቅንቆት አያውቅምና። እኔ በስሜን ተራራ ግርጌ የምኖር ገበሬ ቢራራ ደርቤ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ በግ ስቆጥር ግን አንድም ተሳስቼ አላውቅም። ቃሉን የምናገር እኔ፣ የሚጽፈው የደብራችን ዲያቆን ሀብተ ሚካኤል ነው፤ ስለዚህ ፊደሉ አምሮ እንደሆነ ምስጋናው ለእሱ፣ ነገሩ መርሮ እንደሆነ ወቀሳው ለእኔ ይሁን። ደብዳቤው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ በር፣ አንዱ በጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።

አስቀድሜ ላመስግን። ከአራት ዓመት በፊት እስከዳር የምትባለውን ልጅ ለትምህርት ቤታችን የልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳት አድርገው የላኩልን እርስዎ ነዎት። ክፍል ማለቴ የእህል ማስቀመጫ የነበረችውን ጎጆ ነው፤ ተማሪዎቹም አራት ናቸው። ከአራቱ አንዷ የልጅ ልጄ ሕሊና ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አትሰማም። እኛ ዱዳ እንላት ነበር፤ እስከዳር ይህን ቃል ከቤቴ አስወጣችው። በገዛ ቤቴ ያዘዘኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሕሊና ስድስት ዓመቷ ሳለ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ ምን እንደነካት ጠፍቶን ከጠበል ጠበል አዞርናት፤ ለካ ጥርሷን አሟት ኖሯል። እስከዳር ከመጣች ወዲህ ግን እጇን አንሥታ ያመማትን ትናገር ጀመር። ለሰዉ ሁሉ በእጅ የሚጠራ ስም አውጥታለች፤ የእኔ ስም ጺምን ወደ ታች መሳብ ነው። በሰባ ዓመቴ የልጅ ልጄ ከማዶ ሆና ስሜን ጠራችኝ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት መንግሥት ሰጥቶኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ እስከዳር ይዛው አልመጣችም። ይዛ የመጣችው ትዕግሥት ነው። የቀረውን የምትማረው ደባርቅ ነው፤ እየሠራች ዲግሪዋን በቅዳሜና እሑድ ትማራለች። ዓርብ ልጆቹን ሸኝታ፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ወርዳ አይሱዙ ላይ ትሳፈር ነበር፤ እሑድ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ትመለስ ነበር። ቅዳሜ የተማረችውን እኛ ሰኞ እናየው ነበር። ሚናስ የሚባል መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ አለ፤ አንድ ሰኞ ከጭኑ ላይ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት አኖረችለት፣ ልጁ ረጋ። እናቱ ዓለምብርሃን በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ሦስት ዓመት እንዲህ ተማረች፤ ለማብቃት የቀራት ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ።

አንደኛ፤ በጥር ወር ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ጨዋ ወጣት መጣ። ወላጆችን ሰብስቦ፣ እስከዳር ዓርብ ከቀትር በኋላ ተፈቅዶላት ሳይመሽ ደባርቅ እንድትገባ የወላጅ ድጋፍ ያስፈልጋል አለና ወረቀት ዘረጋ። በዕድሜ ስለምበልጥ ፊተኛ ሆኜ አውራ ጣቴን አሳረፍሁ፤ ሌሎቹ እኔን አይተው ተከተሉ። በአሥራ አምስተኛው ቀን እስከዳር ወደ እርስዎ ቢሮ ተዛወረች። የዝውውሯ ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዲያቆኑ አነበበልኝ፤ «በተጠቃሚው ኅብረተሰብ ጥያቄ መሠረት» ይላል። ጠያቂው እኔ መሆኔ ነው። የልጅ ልጄን አንደበት በገዛ ጣቴ ቆረጥሁ ማለት ነው። ፊደል አለማወቄን ለሥራ ስላበቁልኝ ግን አመሰግናለሁ፤ ሰባ ሦስት ዓመት ያለ ጥቅም ተሸክሜው ኖርሁ።

ሁለተኛ፤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አየኋት። ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ በወረዳው ስንት ልጅ ድጋፍ እንዳገኘ ትሞላለች። የእኛም አራቱ አሉበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አሉ አለችኝ፣ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። እንግዲህ ሕሊና በወረቀት እየተማረች ነው። በሥጋዋ ግን በየጧቱ ከተቆለፈው ክፍል ደፍ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች። እኔ የማውቀው የእጅ ቃል ሃያ አይሞላም፤ እሱም ረፋድ ሳይሆን ያልቃል። መጀመሪያ እየተቆጣች ትመልስልኝ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እጇን ከነጠላዋ አታወጣም፤ ማንንም አትጠራም።

ሦስተኛ፤ የዲግሪው መጨረሻ ከልጆች ጋር የሚሠራ የተግባር ልምምድ ነው። የኮሌጅ መምህሯ በግንቦት መጀመሪያ መጥተው ስታስተምር ሊያዩዋት ነው። ልጅ የሌለበት ክፍል አይታይም፤ ካልታየች ደግሞ የሦስት ዓመት ቅዳሜና እሑዷን ውኃ በላው። ይህን ልነግርዎ ስገባ በትሕትና አስቀመጡኝና «አባቴ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው በአራት ልጅ አይባክንም» አሉኝ። መልሱ ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ስይዝ መጣልኝ። ጌታው፣ ሞፈር ጠራቢ እንዲሆንልኝ ያስተማርሁትን ሰው፣ ጥበቡን ሊጨርስ ሲል የአገሩን ሞፈር ብዛት ቁጠር ብዬ ቤት አላስቀምጠውም፤ መሬቴ ጦሙን ያድራላ። ደግሞስ ዲግሪው መቼ ተያዘ? እንዳይያዝ ያደረጉት እርስዎ አይደሉም ወይ?

አራተኛም ነበረኝ፤ ዲያቆኑ ይህስ ለሰው አይጻፍም ስላለኝ ተውሁት።

ከዚህ ወዲያ ያለው ልመና አይደለም። በእኛ አገር፣ ደረስጌም መካነ ብርሃንም ይጠይቁ፣ የኔታ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲሄዱ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ይከተላቸዋል። ተማሪ የመምህሩ ነው እንጂ የግድግዳው አይደለም። እርስዎ መምህርቷን በማኅተም አዛውረዋል፤ እኛም ደንቡን አክብረን አራቱን ተማሪዎች ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ ቢሮዎ አዛውረናል። ዓለምብርሃን በቅሎ አላት፣ ሁለቱን ትጭናለች፤ ሕሊናና ሚናስ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ የአሸዋውን ከረጢት እኔ እይዛለሁ። ከተማው ውስጥ የሚያሳድረን ዘመድ አለን። ወንበር አንጠይቅም፣ ከመተላለፊያው ወለል ላይ እንቀመጣለን። የኮሌጁ መምህር መጥተው ክፍሉ የት ነው ቢሉ የእርስዎን በር እናሳያቸዋለን፤ እስከዳርም በእርስዎ ፊት እያስተማረች ትታያለች።

ይህ ደብዳቤ እስኪለጠፍ ድረስ እሷ ነገሩን አታውቅም፤ ብታውቅ በይሉኝታ ትከለክለኝ ነበርና እሷን እንዳይቆጡ። ከእሑድ በፊት ወደ ክፍሏ ከመለሷት ግን እኛም ከመውረድ፣ እርስዎም እኛን እየተሻገሩ ከመግባት እንተርፋለን። እኔ ከሁለቱ የትኛውንም አልጠላም። ልጄ እጇን ከነጠላዋ የምታወጣበት ቦታ ጎጆም ይሁን ቢሮ ለእኔ አንድ ነው።

ወንበርዎን የማይነቀንቅ፣ እንጀራዎን የማያጓድል፣ ዕድሜዎን እስከ ሰኞና ከሰኞም ወዲያ የሚያረዝም አምላክ ከእርስዎ ጋር ይሁን።

በታላቅ አክብሮት፣
የማይጽፈው ግን የማይረሳው
ቢራራ ደርቤ
የተማሪ ሕሊና አያት

ማሳሰቢያ፦ ሚናስ ያገኘውን ሁሉ ወረቀት ላይ ማተም ይወዳልና ማኅተምዎን ከፍ ካለ ቦታ ያኑሩት። ድንገት ቢያገኘውም አይደንግጡ፤ እሱም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ምን እንደሚያትም ሳያይ ነው የሚያትመው። ልዩነቱ፣ ሚናስ አትሞ እስከ ዛሬ ሰው አልጎዳም።