ሌስተር ሳይገባ መጋረጃው አይከፈትም

ለታላቅ ወንድሜ ለካሲሚር፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የክረምት ሳልህ ዘንድሮም ቀድሞህ ቤት ገባ ወይስ ገና ነው? አይሪስስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት፣ ደረጃ መውጣት ቻለች? ሐይቁ ነፋሱን መላክ እንደ ጀመረ ልጅህ ትሪና በስልክ ነግራኛለች፤ እባክህ ጆሮህን ሳትሸፍን አትውጣ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያስቸግርህ እሱ ነው። እኔ በጣም ደህና ነኝ። በቀዶ ሕክምና የተቀየረው ዳሌዬ ከድሮው ይሻላል፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ብቻ ትንሽ ያጉረመርማል፣ እኔም መልሼ አጉረመርምበታለሁ።

ለቴአትር ትኬት ልሰለፍ ነው ማለቴን ከትሪና ሰምተህ የጻፍከው ደብዳቤ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ። ቆሜ ሳነበው ደሜ ፈላ፤ ተቀምጬ ሳነበው ደግሞ አሳዘንከኝ። «ሰባ ዓመት የሞላት ሴት፣ ባሏን ከቀበረች ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ በብርድ መንገድ ላይ ተገትራ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትስቅ መዋሏ ነውር ነው» ብለሃል። ከጋራዡ በላይ ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብተን አዘጋጅተንልሻል፣ ቤትሽን ልቀቂና ነይ ብለሃል። ስለ ክፍሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቀረው ግን፣ ወንድሜ፣ ወይ ፍንክች። ለምን እንደሆነ ሐሙስ ዕለት የሆነውን ስነግርህ ይገባሃል፤ ካልገባህም እኔ ነግሬሃለሁ።

መጀመሪያ «የማታውቃቸው ሰዎች» ያልካቸውን ላስተዋውቅህ። እኔና ዋልተር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመላለስነው ወደ ትልልቆቹ የብሮድዌይ ቴአትር አዳራሾች እንዳልነበረ ታውቃለህ። የእኛ ቤቶች መቶና ሁለት መቶ ወንበር ብቻ ያላቸው፣ የተዋናዩ ላብ ከሦስተኛው ረድፍ የሚታይባቸው ትንንሾቹ ናቸው። አዲስ ቴአትር በተከፈተ ቁጥር በእነዚህ ቤቶች በር ላይ የማይጠፉ ሰዎች አሉ። አንደኛው ሌስተር ፒንክኒ ነው። ከመሬት በታች የባቡር መብራት ሲጠግን አርባ ዓመት ኖሮ ጡረታ የወጣ የብሩክሊን ሰው ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሌላዋ ዮላንዳ ፊጌሮአ ናት። ብሮንክስ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ ስትስቅ ተዋናዮቹ ንግግራቸውን አቁመው እስክትጨርስ ይጠብቋታል። የዋልተርን ሬሳ ሣጥን በፊት በኩል የተሸከመው ሌስተር ነው። አንተ በዚያ ሳምንት በበረዶው ምክንያት ሳትመጣ መቅረትህን አልወቅስህም፤ ግን ሣጥኑን የተሸከመውን ሰው «የማታውቂው» አትበልብኝ።

ባለፈው ሰኔ ሌስተርን ስኳሩ ጣለውና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ስንደውል «ደህና ነኝ» ይልና ይዘጋዋል። ዮላንዳ ሾርባ ይዛ ሄዳ ብታስቸግረው፣ «ሰው እንደ ሶፋ እያነሳ እንዲያዞረኝ አልፈልግም፣ በቃኝ» አላት። አራት ወር ሙሉ አንድም ቴአትር አላየም። እኔም ያለ ዋልተር አልሄድ ብዬ ነበርና እርስ በርሳችን የምንወቃቀስበት አፍ አልነበረንም።

ከቤት ያስወጣን «የእማማ በቀቀን» የሚባል ቴአትር ነው። ደራሲዋ ዲና ማርኮቪትዝ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ከአራት ዓመት በፊት የሃያ ደቂቃዋን ቁራጭ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠን አይተናት ነበር፤ ዋልተርም ነበር። እናታቸው የሞተችባቸው ሦስት እህትማማቾች ለቅሶ ተቀምጠዋል። እናትየዋ በቀቀን ነበራት፤ በቀቀኗ ደግሞ በሟቿ ድምፅ ትናገራለች። ታላቅየዋ «እማማ ከሁላችሁም አብልጣ እኔን ነበር የምትወደው» ብላ ስታለቅስ፣ በቀቀኗ ከጎጆዋ ውስጥ «ያቺ መጣች፣ ኬኩን ደብቂው» ትላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስ በርስ ሰላምታችን ይህ ሆነ። ዮላንዳ ከሩቅ ስታየኝ «ያቺ መጣች» ትላለች፤ እኔም «ኬኩን ደብቂው» እላለሁ። ዲና ሙሉውን ጽፋ ብትጨርስም የሚያሳይላት አጥታ ተንከራተተች። በር ያንኳኳችባቸው ሁሉ «በእናት ቀብር ላይ መሳቅ የሚፈልግ ሰው የለም» ብለው መለሷት። የአንተን ደብዳቤ ሳነብ እነሱ ትዝ አሉኝ።

ዘንድሮ ተቀባይ አገኘች። የመክፈቻው ቀን ሐሙስ ኖቬምበር 8 መሆኑን የሰማን ዕለት ዮላንዳ ለሌስተር ደውላ፣ «ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ፤ በሩን ካልከፈትክ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስቃለሁ» አለችው። ጎረቤቶቹ ስለሚያውቋት ፈርቶ እሺ አለ።

ለዕለቱ የተረፉት ትኬቶች ጥቂት ነበሩና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ሥር ተሰለፍን። እኔ ቀድሜ ደረስኩ፤ ቀጥሎ ዮላንዳ የሌስተርን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰልፉ እስከ ማዕዘኑ ደረሰ። የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ የበቀቀኗን ንግግር ያውቁታል፤ ለካ ያቺን ሃያ ደቂቃ ያየነው እኛ ብቻ አልነበርንም። አንዱ በሹክሹክታ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። ቦርሳ የያዘ አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ፣ «ምን ሊሸጥ ነው?» አለን።

«ሳቅ» አለችው ዮላንዳ።

«ለሳቅ በዚህ ብርድ?»

«እስካሁን አንተን እያየን ነበር የምንስቀው፤ አሁን የተሻለ ፈለግን።»

ሰውየውም ሳቀ፣ ሌስተርም ከብርድ ልብሱ ውስጥ አፍንጫውን አወጣ። አራት ሰዓት ላይ ትኬቱን አገኘን። ሌስተር ትኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያገላብጠው አየሁት። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

አዳራሹ የድሮ የጃንጥላ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ላይ ነው፣ ከመንገዱ ሠላሳ አንድ ደረጃ ወደ ላይ። ለሌስተር አሳንሰር አለ ተብሎ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩሉ መጋረጃ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንመለስ አሳንሰሩ በሁለት ፎቅ መካከል ቆሞ ቀርቷል፣ ጠጋኙም ነገ ነው የምመጣው ብሏል። ፕሬስኮት የሚባል ጥቁር ሱፍ የለበሰ ቀጭን ሰው፣ የአዳራሹ ኃላፊ፣ ወደ እኛ ወረደ። ጎንበስ ብሎ፣ ለሌስተር ሳይሆን ለእኔ፣ «በጣም አዝናለሁ፤ ለእሳቸው በሚቀጥለው ሳምንት የተሻለ ቦታ እናዘጋጃለን» አለኝ።

«እሱ ጆሮ አለው፤ ለራሱ ንገረው» አልኩት።

ሌስተር ቀና ብሎ አየው። «በሚቀጥለው ሳምንት መክፈቻ ነው?»

«አይደለም፣ ግን ቴአትሩ ያው ነው።»

«ልጅህ የተወለደ ዕለት ቤት አልነበርክም ብንልህና በሚቀጥለው ሳምንት ብታየው፣ ልጁ ያው ነው» አለው ሌስተር።

 ተሸክመን እናውጣህ ያሉ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ፤ ሌስተር አሻፈረኝ አለ። ያኔ ዮላንዳ ካፖርቷን ሰብስባ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ዳሌዬን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። «ሌስተር ሳይገባ መጋረጃው አይከፈትም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ መቀመጥ ጀመሩ፤ ደረጃው ሞላ። የጋዜጣ ሐያስያን ሳይቀሩ ማስታወሻ ደብተራቸውን ታቅፈው ከታች ቆመው ቀሩ። አንዱ፣ ረጅም ካፖርት የለበሰው፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «ይሄ ነገር ማብቂያ አለው?» አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁበት ድምፅ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ «የቸኮለ መውረድ ይችላል፤ በሩ ክፍት ነው» አልኩት። አልወረደም።

ሌስተር ግን፣ «ተነሡ፣ መንገድ ልቀቁልኝ» አለ። ወንበሩን ወደ ደረጃው አስጠግቶ ፍሬኑን ያዘ። ከወንበሩ ወርዶ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ከኋላው ተክሎ፣ በአንድ እግሩ እየገፋ፣ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ከፍ አለ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። በደረጃው ግራና ቀኝ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ አሳለፈው። ስምንተኛው ላይ አንድ ሰው ማጨብጨብ ሲጀምር ሌስተር ቆመ። «ካጨበጨባችሁ እመለሳለሁ። ሰው ደረጃ ሲወጣ አይታችሁ አታውቁም?» አለ። ጭብጨባው ቆመ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ላይ እጁ ከደረጃው ጠርዝ ሸርተት አለበትና ትንሽ አረፈ። እኔ ከእሱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ ነበርኩ፤ ልይዘው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ካሲሚር፣ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ከባዱ ያ ነው። በዚህ መካከል ከላይ ያለው በር ተከፈተና ታላቅየዋን እህት የምትጫወተው ሃሪየት ሎምባርድ የለቅሶ ልብሷን እንደ ለበሰች ብቅ አለች። እሷም የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ቀስ በል፤ እኛ የትም አንሄድም» አለችው።

ሌስተር አንገቱን አዙሮ አያት። «አንቺ ይልቅ ገብተሽ ተቀቢ፤ የፊትሽ ግማሽ ቀርቷል።»

እውነቱን ነበር፣ አንዱ ቅንድቧ አልተሣለም። ደረጃው ሁሉ በሳቅ ተናጋ፣ እሷም ተነሥታ ሮጠች። ሌስተር የቀሩትን አሥራ አራት ደረጃዎች ሳያርፍ ወጣቸው። ላይ ሲደርስ ፕሬስኮት ኮቱን አውልቆ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን በጀርባው ተሸክሞ ከኋላችን ደረሰ። ወንበሩን አስተካክሎ ካስቀመጠ በኋላ በዚህ ጊዜ ለራሱ ለሌስተር፣ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። መጋረጃው ሃያ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ተከፈተ።

ስለ ቴአትሩ ብዙ አልነግርህም፤ ራስህ ማየት አለብህ። ኬኩ ጋ ሲደረስ ግን አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ነበር። በቀቀኗ ተናገረች። ሌስተር ቀድሞ ፈነዳ፣ ቀጥሎ ዮላንዳ፣ ቀጥሎ ቤቱ። ተዋናዮቹ ለመቀጠል ሦስት ጊዜ ሞክረው አልቻሉም። እኔም ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አንተ በየመንገዱ ስስቅ የምውል መስሎህ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ዋልተር ከሞተ ጀምሮ ከሆዴ የሳቅኩት ያን ምሽት ነው። ከዚያ መካከለኛዋ እህት የእናቷን የጥርስ ብሩሽ መጣል አቅቷት መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆማ የምትቀርበት ቦታ አለ። የዋልተር ብሩሽ እስከ ዛሬ ብርጭቆው ውስጥ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ለአንተ ጻፍኩት። እሱን እያሰብኩ ሳለቅስ ያቺ በቀቀን መልሳ አሳቀችኝ። ይህ ነውር ከሆነ ነውረኛ ልሁን።

ረጅም ካፖርት የለበሰው ሐያሲ የጻፈውን ዛሬ ጠዋት አንብበናል፤ ቴአትሯን «ጩኸት የበዛባት፣ ታዳሚዋም ሥነ ሥርዓት የጎደለው» ብሏታል። ዮላንዳ ቆርጣ የፀጉር ቤቷ መስታወት ላይ ለጥፋዋለች። አሳንሰሩን በተመለከተ ግን በጩኸት አላቆምንም። አርብ ዕለት መቶ አርባ ሰው የፈረመበት ወረቀት ይዘን ሄድን፤ አሳንሰሩ ሳይሠራ ትርዒት አይታይም የሚል ነው። ዲና ከእኛ ጋር ፈረመች፣ ሃሪየትም፣ ኋላም ፕሬስኮት ራሱ ፈረመ። የአርብ ትርዒት ተሰረዘ። ያ «ነገ እመጣለሁ» ያለው ጠጋኝ ዛሬ ከነጓደኛው መጣ፣ ከቀትር በፊትም አሳንሰሩ ሠራ። ሌስተር ወጥቶ ወርዶ ሞከረውና «ይንጓጓል፣ ግን ይሄዳል» አለ። ከእንግዲህ ቤት ተዘግቶ መቀመጥ የለም ብሏል፤ ማክሰኞ ሌላ መክፈቻ አለብን።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፤ አልመጣም። ልጠይቃችሁ በሐምሌ እመጣለሁ፣ ሁለት ሳምንት እቀመጣለሁ፣ ከአይሪስ ጋር ዓሣ እጠብሳለሁ፣ እመለሳለሁ። በዕድሜ መግፋት ማለት ሰው ያዘጋጀልህ ክፍል ውስጥ ገብቶ ዝም ማለት ከሆነ እኔ ገና አልገፋሁም። ብትቆጣም ተቆጣ፤ ቁጣህ ከፍቅር እንደ ሆነ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ስድስት ገጽ የጻፍኩልህ።

አይሪስን በሁለቱም ጉንጭ ሳምልኝ፤ ጉልበቷን ሌሊት ሌሊት በሱፍ ትጠቅልለው። ለትሪና፣ አክስትሽ «ስልክ ስትደውዪ ሹክሹክታውን ተዪ፤ አባትሽ እንደሚሰማ አውቃለሁ» ብላሻለች በላት። ትንሹ ኦገስት የላከልኝ ሥዕል ማቀዝቀዣዬ ላይ አለ፤ ፈረስ ይሁን ድመት ግን ይጻፍልኝ። ጎረቤታችሁን ሚስስ ሃልቮርሰንን፣ ያንን አሮጌ ውሻም ሰላም በሉልኝ።

ሌስተርም ሰላም ብሎሃል። ደብዳቤህን አንብቤለት ነበር፣ አትቀየመኝ። «ወንድምሽ ለሚቀጥለው መክፈቻ ይምጣ፣ ሰልፉን እኔ እይዝለታለሁ» አለ። ካሲሚር በብርድ መቆም አይወድም አልኩት። «እኔስ መቼ እቆማለሁ?» አለኝ።

እህትህ በርናዲን
ኩዊንስ፣ ኒው ዮርክ
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2018