የአስራ አራት ሯጮች ታይት

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ሃያ ሁለት እግር አሸሁ። የአስራ አንድ ሯጭ ማለት ነው። ወገቤ ተቆርጧል። የወጌሻን ወገብ ደግሞ ማን ያሸዋል?

መጨረሻ የገባችው ቀጮ ናት። እህቷ ስለሆንኩ አድልዎ ነው ብለው እንዳያሙን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምትገባው። ታይቷን ስታወልቅ ጥርሷን ነከሰች። ሁለቱም ጭኖቿ ከውስጥ በኩል ተልጠዋል፤ የቀኙ ደምቷል። ከሃያ ኪሎ ሜትር በኋላ ስፌቱ መጋዝ ይሆናል ትላለች። ባለፈው ውድድር አቋርጣ የወጣችው በዚሁ ነው። ጉልበት ሳያንሳት... ስፌት አስወጣት።

ዓመቱን ሙሉ ስስለው የከረምኩትን አወጣሁላት። ጭን ለጭን በሚፋተግበት ቦታ ስፌት የሌለው ታይት። ስፌቱ ከኋላ ዞሮ በጎን ይወርዳል። ከእሱ ጀምሬ የራሴን የስፖርት ልብስ ላወጣ... ስንት ዓመት ሆነኝ ይህን ካሰብኩ?

አየችው። አየችውና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቀጥ ብላ አሰልጣኙ ጋ ሄዳ፣ ለታኅሣሥ አስራ ሁለቱ ውድድር አስራ አራታችንም እህቴ የሠራችውን እንለብሳለን አለችው። ሳትጠይቀኝ። እሱም እሺ አለ። ግን ስትወጣ መልሶ ጠራት፦

"ካልደረሰ እኔ የማውቀው አንቺን ነው።"

ቀጮ በቡድኑ አስራ አራተኛ ናት። ሰበብ ከተገኘ ማን እንደሚቀነስ ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ የሚሰፋልኝ ፍለጋ ልወጣ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ትልቁ ፋብሪካ ሄድኩ። በር ላይ አንድ ሰዓት አስጠበቁኝ። ከዚያ ክራቫት ያሰረ የሽያጭ ኃላፊ ተቀበለኝ። ስንት ፍሬ ነው አለኝ። አስራ አራት ስለው አስራ አራት ሺህ መስሎት ወንበር ሳበልኝ። ፍሬ መሆኑን ስነግረው ወንበሩን መልሶ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ከሦስት ሺህ በታች ማሽን አያስነሱም።

ሻይ እንኳ ሳይሉኝ ወጣሁ። ውይ፣ ንዴቴ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሁለተኛዋ የስፌት ቤት ባለቤት መነፅሯን ዝቅ አድርጋ ሥዕሉን አየችው። ታይት በውስጥ ጭን በኩል ነው የሚሰፋው፣ ሌላ ቦታ አይሰፋም አለች። ለምን? አይሰፋማ። በቃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከአናጺዎቹ ጀርባ አንድ ሽማግሌ አሉ ተብዬ ሄድኩ። ጋሼ መርፌ ይሏቸዋል፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ማሽን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ሁለተኛው ማሽን ላይ ሚስታቸው ናቸው።

ሥዕሉን አዩት። አዞሩት። በጣታቸው ስፌቱን ተከትለው ወረዱ። "ይሄን ያሰበው ሰው እግር ያውቃል" አሉ። ልቤ ቂቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ግን... ናሙናው ሳምንት ይፈጃል። ጨርቁ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ተዘርግቶ አንድ ቀን ከነሌሊቱ መተኛት አለበት። የሚለጠጥ ጨርቅ ጣቃው ላይ ሲጠቀለል ተወጥሮ ነው የሚጠቀለለው፤ ተፈቶ ካላረፈ ልኩን አይናገርም አሉኝ። ጨርቅ ይተኛል እንዴ? ፍራሽና ትራስ ያንጥፉለታ! የምጠይቃቸው ሁሉ መልሱ "ነገ" ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ለእኔ ትዕግስት ማን ሰጥቶኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ተገኘ! አስራ አምስት ማሽን፣ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፣ ሰውየው ሮጦ ነው የሚራመደው። ስፌቱን ማዞር ይቻላል? ችግር የለም። አስራ አራት ብቻ ነው? ችግር የለም። ናሙናው በሦስት ቀን? ችግር የለም እህቴ። ስሙን ከዛሬ ጀምሮ አቶ ችግር የለም ብዬዋለሁ።

ለናሙና የሚሆን ቁራጭ ከቁም ሳጥኔ አውጥቼ ሰጠሁት። ካምና ጀምሮ ታጥፎ የተቀመጠ ነው። የገዛሁት ሁለት ጣቃ ግን፣ ትልቁም ትንሹም፣ ገና አልተነካም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ናሙናው ደረሰ። ቀጮ ለብሳው አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጠች። ከዚያ ማሻ ክፍሌ ገብታ ጭኗን አሳየችኝ። ንጹሕ። ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አቶ ችግር የለም ሌላ ሥራ ገባብኝ እያለ ሳምንት ሙሉ አንገላታኝ። ዛሬ ትልቁን ጣቃ ተሸክሜ ራሴ ሄድኩ። አጠገቡ ካልቆምኩ አይሆንም።

ቆራጯ ጨርቁን ፈታ ዘረጋችና "ይደር እንዴ?" አለችው። እሱ ወደ እኔ አየ። የምን ማደር አልኩ። ውድድሩ አስራ ሰባት ቀን ቀርቶታል፣ ዛሬውኑ ይቆረጥ። ችግር የለም አለ። መቀሱ ሲገባ እስካይ ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም።

 

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

አስራ አራቱም መጡ፤ በላስቲክ በላስቲክ ታሽገው። እማዬ አንዱን አውጥታ ወገቧ ላይ ለካችውና ለእኔም አንድ አሰፊልኝ፣ ገበያ ስሮጥ እለብሰዋለሁ አለች። የፋብሪካ ሽታ አላቸው። ነገ አጥቤ እሰጣቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

አጠሩ። አስራ አራቱም። ከገመዱ ሳወርዳቸው እያንዳንዱ እግር አራት ጣት አጥሯል። ማጠሩስ ባልከፋ... ተጣመዋል። በጎን እንዲወርድ የለፋሁበት ስፌት ዞሮ ዞሮ ውስጥ ጭን ላይ ገብቷል። ቀጮን አስለበስኳት። ጣቷን ስፌቱ ላይ አድርጋ ቁስሏን ፈለገች። ልክ እዚያው ነው።

"እታለም፣ አሰልጣኙ ዛሬ ጠይቆኝ ነበር" አለች። ምን አልሽው? ደርሷል አልኩት።

ደርሷል!

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

አቶ ችግር የለም ጋ ሄጄ ጮህኩበት። አስጨርሶኝ ሙዚቃውን ዘጋ። ሙዚቃው ሲዘጋ ሰውየው ሌላ ሰው ነው። ቆራጯን ጠርቶ "ይደር ብለሽ አልነበር?" አላት። እሷም ብዬ ነበር አለች፤ አቀርቅራ። ናሙናው ለምን ልክ እንደሆነ አሁን ገባኝ። ቁራጩ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ነበራ።

ከውድድሩ በፊት ደግሞ መሥራት አይችልም። "ችግር አለ እህቴ" አለኝ።

ለቀጮ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። "አንቺ አይደለሽም እንዴ ጡንቻ ካላረፈ ይበቀላል እያልሽ የምትነዘንዢን?" አለችኝና ወደ ልምምዷ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ትንሹን ጣቃ ታቅፌ ጋሼ መርፌ ጋ። ከበራቸው ሁለቴ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ ልግባ?

ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መቀሱ አጠገብ ቆሜ እንዳስቆረጥኩም ጭምር። ነግሬሽ ነበር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። የተጣመመውን ታይት ተቀብለው ዳሰሱት፣ ለሚስታቸው አቀበሉ፤ እሳቸውም "ምስኪን" አሉ። ለእኔ ይሁን ለታይቱ አላወቅኩም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥራ አንስተው ጨርቁን ዘረጉት። ከዳር በኖራ ምልክት አደረጉ። "እስከ ነገ ማታ ማንም አይነካውም። አንቺም ጭምር፣ ልጄ።"

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። ከሩቁ ነው ያየሁት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። ትናንት ኖራው ጋ የነበረው የጨርቁ ጫፍ ዛሬ ከኖራው አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ገብቷል። ማንም ሳይነካው። በገዛ ዓይኔ አየሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አስራ ሦስት።

ጋሼ መርፌ የልክ ወረቀቶቹን ጨርቁ ላይ በቁመት አስቀመጡ፣ በአግድም አስቀመጡ፣ አንዱን ገልብጠው አንዱ እቅፍ ውስጥ አስገቡ። አስራ ሦስት ነው የሚወጣው። ጨርቁ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል፤ ነጋዴው የሚያስመጣው ከውድድሩ በኋላ ነው። ትልቁን ጣቃ እኔ ነኝ የበላሁት።

ማን ትቅር? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። ቤት ስገባ ቀጮ ፊቴን አይታ ስንት ወጣ አለች። ነገርኳት። ጫማዋን እያሰረች ነበር። "እኔ አሮጌው አለኝ" አለች። ቀና እንኳ አላለችም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

አንድ ታይት መጉደሉን አሰልጣኙ ሰማ። ከማን እንደሰማ እንጃ። ማሻ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ወይ ሁሉም ይለብሳሉ ወይ ማንም አይለብስም አለኝ። ተከራከርኩ። ለመንኩ። ቀጮ ከኋላው ገብታ የእኔ አሮጌውም ጥቁር ነው፣ ከሩቅ ማን ይለየዋል አለችው። ጥቁር እስከሆነ ድረስ... አለና ሄደ። ሲወጣ ያያት አስተያየት ግን ደስ አላለኝም። ውድድሩ ካላማረላት አለቀላት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

አስራ ሦስቱ አለቁ። አጠብኩ፣ ሰቀልኩ፣ እንደ እብድ በየደቂቃው ለካሁ። አንድም ጣት አላጠረም። ስፌቱ በጎን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ደስ ሊለኝ ይገባል። አላለኝም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

መጨረሻው መስመር ላይ ፎጣና ቅባት ይዤ ቆምኩ። ሲገቡ የአንዷንም ፊት አላየሁም፣ ጭን ጭናቸውን ነው ያየሁት። አንዷ ገባች፣ ንጹሕ። አራት፣ አምስት... ሁሉም ንጹሕ። አንዷማ እየዘለለች አቀፈችኝ።

ቀጮ ከቡድኑ ስምንተኛ ሆና ገባች። ስምንተኛ ሆና አታውቅም። እግሯን ከፍታ ነው የምትሮጠው፤ ደሙ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። ፎጣውን ይዤ ሮጥኩ። ለምን አላቋረጥሽም አልኳት፣ እየጮህኩባት መሰለኝ።

"ካቋረጥኩ 'እህቷ ታይት ነፈገቻት' ይሉሻላ።"

መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም። ቁስሏን ስጠርግ አሰልጣኙ መጣና ከላያችን ቆመ። የእሷን ጭን አየ። ዞሮ የአስራ ሦስቱን አየ።

"አስራ አራተኛው መቼ ይደርሳል?" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ጨርቁ መጣ። አሰልጣኙ ለወንዶቹም እንድናስብ ነግሮናል። አቶ ችግር የለም ደውሎ ነበር፤ ቆራጯን ብቻ አመስግንልኝ አልኩት።

ጠዋት ከጋሼ መርፌ ጋር ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ኖራውን እኔ ነኝ ያደረግኩት። ቀጮ ከልምምድ በቀጥታ መጣች፤ ቁስሏ ቅርፊት ይዟል። ጨርቁን በመዳፏ ልትዳብሰው ስትል እጇን ያዝኩት።

"የእኔን ብቻ ዛሬ ቁረጪልኝ" አለች። "አንድ ናት፣ እታለም። ቅዳሜ ልሮጥበት።"

መቀሱ በእጄ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

"ነገ" አልኳት።

የጋሼ መርፌ ሚስት ማሽናቸውን አቁመው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። ቁጭ ብዬ የተኛውን ጨርቅ ስጠብቅ ዋልኩ።