ሁለት ፊደል

ጥቅምት 3

ልብስ አጠብኩ። ውሃው መሃል ላይ ሄደ፣ ግማሹ ልብስ ከነሳሙናው ቀረ። የባሌ የሲራክ አባት፣ አባባ ወጋየሁ፣ ዛሬም በረንዳ ላይ ዋሉ። ከደብረ ብርሃን እኛ ጋ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ "በቃኝ" እና "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ... ሲራክም ከሳቸው ጋር ወሬ አያውቅበትም። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 5

በርበሬው የተጠቀለለበት የመጽሔት ገጽ ላይ መስቀለኛ ቃላት ነበር። አባባ አነሱት። እስክሪብቶ ጠየቁኝ! ቁጭ ብለው ሞሉትና፣

"የልጅ ነው። ሰም ብቻ፣ ወርቅ የለውም።"

ለካ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ሳጥን አስምረው የራሳቸውን ሰጡኝ። "ቢላዋ የያዘ፣ ብሩሽ የያዘ፣ ጉንፋን የያዘው። እያንዳንዱ ምን አደረገ? ሁለት ፊደል።"

ጥቅምት 6

አልመጣልኝም። ሽሮው አረረ።

ጥቅምት 7

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳለ። ሳለ! ቢላዋ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ! ለካ ጮክ ብዬ ነው። ረዳቱ "ወራጅ አለ" ያልኩ መስሎት በሩን ከፈተልኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል... አፍሬ ወረድኩ። ላፍቶ ላይ። ቀሪውን በእግሬ።

ቤት ስገባ መልሱን ነገርኳቸው። "ግን አባባ፣ የሥዕሉ በንጉሡ ሠ አይደል የሚጻፈው?"

ሳጥኑን መልሰው አዩት። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ያዝሽኝ!"

ሳቃቸው ቁርጥ የሲራክ። ዛሬ ገና ሰማሁት።

ጥቅምት 10

ተራው የኔ ነበር። "መብራት ሲመጣ፣ ፀጉር ሲሄድ። ሁለት ፊደል።"

እራት ላይ አባባ አሰቡ፣ አሰቡ... ቀና ብለው የሲራክን አናት አዩ። እኔም አየሁ። ምን ነካኝ?

ሲራክ ጉርሻውን መለሰው። "በራ ነው። አይደል?"

ፈታው! ጎሽ ማለት ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። አባባም ተከተሉኝ።

"በገዛ ቤቴ መሳቂያ ሆንኩ!" ብሎ ተነሳ።

ጥቅምት 11

አኩርፏል። ኮፍያ አድርጎ ቁርስ በላ። ቤት ውስጥ።

ጥቅምት 12

አባባ ሻንጣቸውን አወጡ። "ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ልጄን ላስከፋ አልመጣሁም።"

ወዴት ነው የሚሄዱት? ባዶ ቤት? ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ። ለሲራክ ነገርኩት። ወረቀት ፈለገ። ማስመሪያም።

ጥቅምት 13

ሻንጣው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በሲራክ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት የተንሻፈፉ ሳጥኖች። "የተከፋን ሰው ይለዋል፤ ሊሄድ የተነሳን ይሉታል።"

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ። እኔ ቀድሜያቸው ገባኝ፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ቅር! ቅር ብሎታል... ግን እንዳይሄዱ ቅር እያላቸው ነው።

"ሲራክ!"

መጣ። ባዶ ራሱን።

"አባትህን ነው ቅር የምትል? እንደ እኩያህ?"

"ይቅሩ ሁለት ሳጥን ውስጥ አልገባ አለኝ፣ አባባ።"

"ሦስተኛ አትጨምርም ታዲያ?" እስክሪብቶውን ተቀብለው ራሳቸው ጨመሩ። ይ... ቅ... ሩ።

ከዚያ ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። "እናትህ ብትኖር ከሁላችንም ቀድማ ትፈታው ነበር።"

ከቀብሩ ወዲህ የባለቤታቸውን ስም እንኳ አንስተው አያውቁም። ዛሬ ከጀመሩ አላቆሙም... እንዴት እንደተገናኙ፣ ሚስታቸው እንዴት ያሾፉባቸው እንደነበር። ሲራክ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ሥራ ቀረ። እኔም ቀረሁ።