ሁለቱ እንድሪስ ሙሄ

ፒያሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለተስኒም፣ ናይሮቢ

አሰላሙ ዓለይኩም። እናትሽም እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእኔ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር። በስልክ ለእናትሽ «ለአባባ ሰላም በይልኝ» እያልሽ ስትዘጊ ሁለት ዓመት ሆነ። ሰላምታሽ ይደርሰኛል። መልሱን በአፌ መናገር ግን ስላልቻልኩበት የለመድኩትን ብዕር አነሳሁ። እናትሽ ረሂማ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አትደንግጪ፣ ለደም ምርመራ ብቻ ነው። ውጤት ስንጠብቅ ነርሷ ብቅ ብላ «እንድሪስ ሙሄ!» ስትል ሁለት ሽማግሌ ተነሳን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልብስ ሲሰፋ የኖረ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ርቆ የሄደ፣ ሆስፒታሉን ግን አልቀይርም ብሎ በሦስት ታክሲ የሚመጣ ሰው ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጨዋታው ግን አልቀነሰም።

«ሞክሼ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሰባ ብዬ አስመዝግቤያለሁ።»

«እኔም ሰባ ብያለሁ። እውነቱን አላህ ያውቃል!»

እሱ ሳቀ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይስቅም። ስም አንድ፣ የአባት ስም አንድ፣ ዕድሜ አንድ! በእኔ ጊዜ የሁለት ሞክሼዎች ፋይል ተቀያይሮ፣ የአንዱ የዝውውር ደብዳቤ ለሌላው ደርሶ፣ ሰውዬው ዕቃውን ጭኖ ጎሬ ድረስ ሄዷል።

ከዘራዬን ይዤ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። ሉልሰገድ የሚባል ትሑት ወጣት ተቀምጧል። «ውጤታችንን ልታደባልቁት ነው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ይቀመጡ አባባ፣ አይደባለቅም» አለና ስክሪኑን አዞረልኝ። ከላቦራቶሪው ማሽን የሚመጣው ውጤት እንደ ደብዳቤ ነው አለኝ፤ ፖስታ አለው፣ ውስጡ ደግሞ ጽሑፍ አለው። ድሮ ሲስተሙ የሚያየው ፖስታው ላይ ያለውን ስም ብቻ ነበር። አሁን አንዲት አጭር የትእዛዝ መስመር ተጽፋለታለች። መስመሯ መልእክቱ ውስጥ ትገባና «ታካሚ» የሚለውን ትፈልጋለች፤ ከታካሚ ሥር «የካርድ ቁጥር» የሚለውን ታነብና በዚያ ቁጥር ውጤቱን ወደ ባለቤቱ መዝገብ ትመራዋለች። ሌላውን አትነካም። ቁጥሩ ባዶ ከሆነም አትገምትም፤ ሰው እስኪያየው ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች።

«ይህቺን የጻፋት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው» አልኩት።

«አይ አባባ፣ ናይሮቢ ያለች ልጅ ናት። ይኸው ስሟ» ብሎ ከመስመሯ በላይ በጣቱ አሳየኝ። ተስኒም እንድሪስ ይላል።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። መነጽሩ ንጹሕ ነበር፤ ዓይኔ ነው ያስቸገረኝ።

ወዲያው ውጤታችን ወጣ። የሞክሼዬ ደም ክፉኛ አንሶ ኖሮ ሐኪሙ እዚያው አስተኛው። እኔን «ስኳር ይቀንሱ» ብሎ ወደ ቤቴ ሸኘኝ። ተቀያይረን ቢሆን እኔ ያለ በሽታዬ ተኝቼ፣ እሱ ከሦስቱ ታክሲ በአንዱ ውስጥ ይወድቅ ነበር። ትናንት ልጠይቀው ብሄድ ደም ተሰጥቶት ፊቱ ተመልሷል። ስላንቺ ነግሬው ነበርና «ዱዓ አድርጌላታለሁ» አለኝ፤ «በስም ከሄድንማ የእኔም ልጅ ናት!»

ማክሰኞ ዕለት ከሆስፒታል ስወጣ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ ነገርኩ። ተራ አስከባሪው ሳይቀር «ፋዘር፣ ልጅዎ ዶክተር ናት እንዴ?» አለኝ። «ዶክተሮቹ የሚያምኗት ናት» አልኩት። ኮራሁብሽ ልጄ፤ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ነው የሄድኩት።

ልጅ ሳለሽ ከትምህርት ቤት መልስ ጠረጴዛዬ አጠገብ እየተቀመጥሽ «አባባ፣ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ታነበዋለህ?» ትዪኝ ነበር። «ጉዳዩን ብቻ አይቼ ለሚመለከተው እመራዋለሁ፤ የሰው ገመና አላገላብጥም» አልኩሽ። የረሳሽው መስሎኝ ነበር። የረሳሁትስ እኔ ነኝ። ቋሚ ሥራሽን ለቀሽ ይህን መስመር የመጻፍ ሥራ ስትጀምሪ፣ በዒድ ምሳ ላይ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ፊት፣ «አምስት ዓመት የተማርሽው መልእክት ለማቀባበል ነው? ተላላኪ ለመሆን?» አልኩሽ። ምሳሽን ሳትጨርሺ ተነስተሽ ወጣሽ። ዕድሜ ልኬን መልእክት ስመራ ኖሬ ያንቺን ናቅሁ። አጥፍቻለሁ።

ጉዳይ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ያመጣውን ስንቱን ሰው «ሂድና አስተካክለህ አምጣ» ብዬ መልሻለሁ። ዛሬ ራሴ ጉዳዩን ሳልጽፍ ገጹን ጨረስኩ። ያንቺ መስመር የትም ቢቀመጥ ታገኘዋለችና ከታች አስፍሬዋለሁ። አላህ እጅሽን ይባርከው፤ ያላየሽው ሰው ሁሉ ዱዓ ይድረስሽ።

ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ

አባትሽ እንድሪስ ሙሄ
የካርድ ቁጥር 40718

ግልባጭ፦
ለእናትሽ ለረሂማ
በዒዱ ምሳ ለነበሩት እንግዶች በሙሉ (በየቤታቸው ዞሬ ነግሬያቸዋለሁ)